ሸራ የለበሰው ሞተር

ዘቢደር ዛሬም ሞተሩ አጠገብ ቆማለች።

ጁምዓ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሆኖ ያያታል። የእረፍት ሰዓት ነው፤ ተማሪው ሁሉ ማንጎ ሊለቅም፣ ብስኩት ሊገዛ ወዲያ ወዲህ ሲል እሷ ብቻ የአባቱ ሱቅ በር ላይ እንደ ዘበኛ ተገትራለች። መጀመሪያ ያያት ጊዜ ‹ይህን ሞተር ማን አይቶት ያልፋል› ብሎ ኮርቶ ነበር። ስትደጋግም ግር አለው። ዛሬ እጇን ዘርግታ መቀመጫውን ስትዳብስ ሲያይ ግን ደሙ ፈላ።

«አላልኩህም?» አለ ጓደኛው ዲሳሳ ብስኩቱን እያላመጠ። «ሌባ መጀመሪያ ልጅ ነው የሚልከው። ቦታውን አይታ፣ ቁልፉን አይታ ትመለሳለች። ከዚያ ሿሿ። ነቄ በል ጀለሴ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ዲሳሳ የባምባሲ ልጅ ነው፤ አሶሳ ዘመድ ቤት ተጠግቶ ይማራል። ወሬ ሲነግር ግማሹን ከራሱ እንደሚጨምር ጁምዓ አሳምሮ ያውቃል። ግን ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን ነው፤ ካስነጠሰብህ ሰው ጋር ብትጣላም አይለቅህም። ጁምዓ መንገዱን ተሻገረ።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

ዘቢደር እጇን ሰበሰበች። አንድ ክፍል ናቸው። ከድባጤ የመጣችው፣ ጥጉ ላይ የምትቀመጠው፣ መምህር ካልጠየቃት ትንፍሽ የማትለው ልጅ ናት።

«ቆዳውን እያየሁ ነው» አለች።

«ቆዳ አይተሽ አታውቂም?»

«አባትህ ከማን ነው የገዛው?»

«ምን አገባሽ?»

እሷ ግን አልሄደችም። ይህኔ አባቱ ዐወድ ከሱቁ ብቅ አለ። አማርኛን በገበያ የለመደ የበርታ ነጋዴ ነውና ሴትና ወንዱ ይምታታበታል። «ልጄ፣ ምን ፈለገ?» አላት ፈገግ ብሎ።

ዘቢደር ዐወድን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ልጅ ትልቅ ሰውን እንዲያ ታያለች ብሎ ማን ያስባል። «ምንም የለም፣ አባባ» አለችና ሄደች።

እውነት ለመናገር በሞተሩ ብትፈዝ አይፈረድባትም። አሶሳ ሞተር ሞልቷል፤ ቀጫጭኑ፣ ጯሂው፣ ሦስት ሰው ጭኖ ጉድባውን የሚዘለው ሁሉ አለ። የዐወድ ግን ሌላ ነው። ዝቅ ብሎ ረዘም ያለ፣ የፊት መብራቱ ክብ፣ መሪው ወደ ነጂው የተቀለበሰ፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታው ኒኬል። የተሠራው በቅርብ ነው፤ መልኩን ግን ሆን ብለው የአያቶች ዘመን አስመስለውታል። ትልቅ የሚባል አይደለም፣ ትንሽም አይባልም። ሲነሳ አይጮህም፤ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ ዱግ ዱግ ይላል። ተማሪው ‹ሼኹ› ብሎ ስም ያወጣለት መቼም ስለማይቸኩል ነው።

ከሁሉ የሚገርመው መቀመጫው ነው። እንደ ሌላው ጥቁር ፕላስቲክ አይደለም፤ ዳማ ቆዳ ነው፣ ዙሪያውን በአረንጓዴ ክር የተሰፋ። ጠርዙ ተፍቆ አርጅቷል። ዲሳሳ «ሼኹ ካፖርቱን ይቀይር እንጂ» እያለ ይቀልዳል። ዐወድ ግን ወይ ፍንክች። ጁምዓ ለምን እንደማያስለውጠው ሲጠይቀው «ደኅና ነው» ይለዋል፤ ሌላ የለም።

ዐወድ ሱቅ ውስጥ ገመድና ሸራ እየለካ ሲውል ዝምተኛ ሰው ነው። ዓርብ ከሶላት በኋላ ግን ጁምዓን ከኋላ ጭኖ በባምባሲ መንገድ ይነዳል፤ ቀርከሃው በግራ በቀኝ እያለፈ፣ ነፋሱ ጀለቢያውን እየነፋ፣ ከሆዱ የሆነ ዜማ ያወጣል። ጁምዓ በዚያች ሰዓት አባቱን ይወደዋል። «ዕድሜህ ሲደርስ መሪውን አንተ ትይዛለህ» ብሎታል። ጁምዓ ይህን ቃል እየቆጠረ ነው የሚያድገው።

የዚያን ቀን ምሽት እናት፣ አባትና ልጅ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ከበው ተቀምጠው ጁምዓ ጀመረ። እቤት የሚያወሩት በርታኛ ነው፤ እዚያ ዐወድ ቃል አይጠፋውም።

«አባ፣ ያቺ ልጅ ዓይኗን ሞተሩ ላይ ጥላለች። ሰንሰለት እንግዛ።»

«የትኛዋ?»

«ዛሬ ያናገርካት። ከድባጤ የመጣችው።»

ዐወድ ወደ አፉ ያስጠጋውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው።

«ከድባጤ ነው ያልከው?»

«አዎ። ከማን ገዛው እያለች ትጠይቃለች።»

እናቱ ነዕማ ባሏን አየችው፤ እሱ እጁን አየ። ከዚያ ሳይጠግብ ተነስቶ ታጠበ።

ጠዋት ጁምዓ ሲወጣ ሞተሩ ከቦታው የለም። ከማድ ቤቱ ጀርባ ተገፍቶ፣ ሰማያዊ ሸራ ለብሶ፣ ሸራው ዙሪያውን በገመድ ተጠፍሯል።

«ተበላሸ?»

«አይ።»

«ታዲያ?»

«በእግር መሄድ ለጤና ጥሩ ነው» አለ ዐወድ።

ዐወድ በዕድሜው ስለ ጤና ተናግሮ አያውቅም። ጁምዓ እስከ ትምህርት ቤት ድረስ ከአባቱ ኋላ ኋላ እየተራመደ ጀርባውን እያየ ሄደ። እስከ ትናንት የሚጠረጥረው ልጅቷን ነበር። ዛሬ ጥርጣሬው ፊቱን አዞረ፤ ወደ ማን እንዳዞረ ማመን አልፈለገም እንጂ።

በእረፍት ሰዓት ዘቢደር ውኃ ቧንቧው ጋ ጠብቃ ያዘችው።

«ደበቃችሁት፣ አይደል?»

«ማን ነው የሚደብቀው? እቤት ነው ያለው።»

«ስማ ጁምዓ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ያ መቀመጫ የእናቴ ኮርቻ ነው። ስትዳር የሄደችበት የበቅሎ ኮርቻ። በቅሎዋ ስትሞት አባቴ ቆዳውን ፈታና ለሞተሩ አለበሰው። የሰፋችው እናቴ ናት። ከፊት፣ ወደ ቤንዚን ታንከሩ በሚጠጋው በኩል፣ ከሥሩ ትንሽ መስቀል ጠልፋበታለች። የነጂው ጭን ስለሚጋርዳት አትታይም።»

«ስንት ተመሳሳይ ሞተር አለ።»

«ሞተሩ ይመሳሰል ይሆናል። ስፌቱ አይመሳሰልም።»

ዘቢደር ቧንቧውን ጠበቅ አድርጋ ዘጋች፤ ይንጠባጠብ ነበር።

«ድባጤ ያ ግድያ የመጣ ቀን አባቴ እኛን አይሱዙ ላይ ጫነን። አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ራቅ ያለ ቦታ ነበረች። ‹እናትሽን በሞተር ይዣት እከተላለሁ› ብሎ ለእናቴ ማለላት። ቻግኒ ሆነን ጠበቅነው። አልመጣም። አጎቴ ወደዚህ አመጣን፣ አሁንም አልመጣም። ሞቷል ያለን ሰው የለም፤ አለ ያለንም የለም። እናቴ እስካሁን ሐዘን አልተቀመጠችም። የአባቴን ሞተር የያዘ ሰው አባቴን ያየ ሰው ነው። እንዴት እንዳየው ነው የማላውቀው።»

የመጨረሻዋን ቃል ስትናገር ቀና ብላ አየችው። ጁምዓ ትርጉሙ ገባው። በዚያ ጊዜ የሰው ንብረት በየገበያው በርካሽ ይሸጥ ነበር ሲባል ሰምቷል። የማን ነው ብሎ ሳይጠይቅ የሚገዛ ነበር ይባላል። ግን ያ የሚባለው ስለ ሌላ ሰው አባት ነው፣ ስለ ዐወድ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ እቤት ሲገባ እናቱ ጎረቤት ሄዳለች። ጁምዓ ገመዱን ፈታ፣ ሸራውን ገለጠ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ከመቀመጫው አፍንጫ ሥር አጎንብሶ አየ። መጀመሪያ ምንም አልታየውም። ጣቱን ሲሰድ ግን ክር ነካው። አቧራውን በአውራ ጣቱ ጠረገው። አረንጓዴ መስቀል፣ የጥፍር ያህል።

«ምን ፈለግህ?»

ዐወድ ከኋላው ቆሟል። በዚህ ሰዓት ሱቅ ዘግቶ መጥቶ አያውቅም፤ ጁምዓ ይህንንም ጠረጠረ። ለካ ሱቅ ሆኖም ሐሳቡ ሞተሩ ላይ ነበር።

«አባ፣ ይሄ ሞተር የማን ነው?»

«የእኔ።»

«በፊትስ?»

«የሰው።»

«የትኛው ሰው?»

«አማና ነው» አለ ዐወድ። «ሆዴ ይፍጀው።»

አማና ማለት አደራ ነው፤ በእነዐወድ ሰፈር ቀልድ አይደለም። ሳይመዘን የተሰጠ ወርቅ፣ ሳይጻፍ የተሰጠ ቃል፣ ሁሉም አማና ነው፤ የበላው ሰው በሁለቱም ዓለም ይጠየቅበታል። ጁምዓ ይህን እየሰማ ነው ያደገው። ዛሬ ግን ቃሉ መሸሸጊያ መሰለው፣ ተናደደም።

«የሞተ ሰው ሞተር ነው? ከገዳዮቹ ነው የገዛኸው?»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። የዐወድ ፊት እንደ አመድ ሆነ። ጁምዓ ይመታኛል ብሎ ጠበቀ። አልመታውም፤ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ቁጭ አለና መሬት መሬት አየ።

«ከባለቤቱ ነው የገዛሁት» አለ በመጨረሻ። «ከገዛ እጁ። ከባምባሲ ወዲያ፣ ቶንጎ ገበያ ላይ።»

ብሎ ሳይጨርስ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ግን ወጥቷል።

«በሕይወት ነበር?»

«ሞተሩን እየገፋ ነው የመጣው፤ ቤንዚን አልነበረውም። ከሲታ ሰው። ፈንታው ነው ስሙ። ሁለት ነገር ለመነኝ። መቀመጫውን እንዳትለውጠው አለኝ። ማንም ሰው ቢጠይቅህ አላየኸኝም አለኝ። እጄን ሰጠሁት፣ አማና አልኩት። ሲሄድ ቆዳውን በመዳፉ አሻሽቶ አለቀሰ።»

«ለምን ይደበቃል?»

«የሚስቱን እናት ሊያመጣ ሄዶ መንገድ ላይ እጁ ላይ ሞተችበት። ‹አመጣታለሁ ብዬ ምዬ፣ በምን ፊቴ እሄዳለሁ› አለ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኩትም። የሰው ቁስል አይነካካም።»

«አሁንስ አለ?»

«አምና እዚያው ገበያ አየሁት። ማር ይሸጣል። ቤተሰቦቹ ዛሬም ቻግኒ ያሉ ነው የሚመስለው።»

«እዚህ ናቸው እኮ፣ አባ። ሴት ልጁ ከእኔ ጋር ነው የምትማረው።»

«አንተ ስትነግረኝ አወቅሁ። ለዚህ ነው ሸራ ያለበስኩት። ልጅቷ ፊቴ ቆማ ብትጠይቀኝ መዋሸት አልችልም፤ መናገርም አልችልም። ሞተሩን ካላየች አትጠይቀኝም አልኩ።»

ጁምዓ አባቱ የዘረፋ ንብረት እንዳልገዛ ሲያውቅ ደስ አለው፤ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ድረስ ደስ አለው። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ዐወድ ከጀሪካኑ ተነስቶ ትከሻውን ያዘው።

«ይሄ ቃል ከዚህ ግቢ እንዳይወጣ። አሁን አማናው የሁለታችን ነው።»

በማግስቱ ዘቢደር ክፍል በር ላይ ጠበቀችው። ሌሊቱን ያልተኛች ትመስላለች።

«አየኸው? መስቀሉን?»

ጁምዓ የአባቱ እጅ አሁንም ትከሻው ላይ ያለ መሰለው።

«የለም» አለ። «ምንም የለም።»

ዘቢደር ዓይን ዓይኑን አየችው። ትጮሃለች፣ ውሸታም ትለኛለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«እሺ። አጎቴ እናቴን ‹በቃ፣ ሞቱን ተቀብለሽ ተዝካሩን አውጪ› እያላት ነው። ‹ቆይ› እያልኩ የያዝኳት እኔ ነኝ፤ ሞተሩን ካየሁ ጀምሮ። እንግዲህ እሺ እላታለሁ።»

ሄዳ ጥጓ ላይ ተቀመጠች። ዲሳሳ «ተገላገልክ፣ ፍሬንድ» ብሎ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ጁምዓ እጁን ገፈተረው፤ ዲሳሳም ምን እንዳጠፋ አልገባው።

ማታ ጁምዓ ለአባቱ ነገረው። ተዝካር ማለት ሰውየው መሞቱን አምኖ፣ ለነፍሱ ደግሶ ማብላት እንደሆነ አስረዳው። «ቶንጎ ሂድና ቃልህን እንዲመልስልህ ለምነው፣ አባ» አለው። «አማና የሰጠ ሰው ማንሳት ይችላል።»

«እሄዳለሁ፣ ኢንሻአላህ» አለ ዐወድ። «መንገዱ ይድረቅና።»

ጠዋት ጁምዓ በመጀመሪያ ያየው ሞተሩን ነው። ሸራው እንደ ታሰረ ነው። ገመዱ ላይ እንዲያውም አንድ ቋጠሮ ተጨምሯል። አባቱ ፈርቷል። ጁምዓ ይህን ሲረዳ አዘነለት፤ አባቱ የሚፈራ ሰው መሆኑን አያውቅም ነበር።

ቅዳሜ ነውና እናቱ ሽንኩርት ግዛ ብላ ገበያ ላከችው። ከሽንኩርት ተራው ወጥቶ ሲታጠፍ ዘቢደር ፌስታል አንጠልጥላ ስትመጣ ፊት ለፊት ተገናኙ። ፌስታሉ ጌሾ ሞልቶታል።

«ለተዝካሩ ነው» አለች ሳይጠይቃት። «እናቴ ዛሬ ትጠነስሳለች።»

አልተቆጣችውም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር፤ ምነው በሰደበችኝ አለ በልቡ። ቅዳሜ የቶንጎም ገበያ ይሁን አይሁን አያውቅም፤ ግን የሆነ ቦታ አንድ ከሲታ ሰው ማሩን ፊቱ ደርድሮ ገዢ ሲጠብቅ ታየው። እዚህ ደግሞ ሚስቱ ለነፍሱ ጠላ ልትጠነስስለት ነው። ሰው በሕይወት እያለ ልጁ ጌሾውን ትሸከማለች? ጁምዓ አማናን ያውቃል። አባቱ የሰጠው እጅ እሱንም እንደሚያስር ያውቃል። ግን ይህቺን ፌስታል አይቶ ማለፍ አልቻለም።

ዘቢደር አልፋው ሄዳለች።

«ዘቢደር።»

ዞረች።

«ለእናትሽ ንገሪያት። ጠላውን እንዳትጠነስስ።»

«ምን?»

«ጌሾውን እንዳትነካው። ተዝካር አታውጡ።»

በመካከላቸው ሰው ያልፋል፤ ማንጎ የጫነ ጋሪ «ዞር በሉ» ብሎ ለያያቸው። ጋሪው ሲያልፍ ዘቢደር እዚያው እንደ ቆመች ናት።

«መስቀሉን አይተሃል» አለች።

«አይቻለሁ።»

የት ነው፣ መቼ ነው፣ እንዴት ነው ብላ ታጣድፈኛለች ብሎ ጠበቀ። አንዱንም አልጠየቀችም። ፌስታሉን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ከዚያ ዞር ብላ ወደ ጌሾ ሻጮቹ ተራ ተመለከተች።

«ይመልሱልኝ ይሆን?» አለች።

«ይመልሱልሻል» አለ ጁምዓ፤ ይመልሱ አይመልሱ ግን አያውቅም።

እየተቻኮለች፣ ከዚያም እየሮጠች ሄደች። ጁምዓ ሽንኩርቱን እንዳንጠለጠለ ቆየ። ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ በቀኝ ነው፤ እሱ ግን በግራ፣ ወደ አባቱ ሱቅ ታጠፈ። ለአባቱ ምን ብሎ እንደሚጀምርለት ገና አላወቀም። አማናው መውጣቱን ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰማው ከእሱ አፍ ቢሰማው እንደሚሻል ግን አወቀ።

ሱቁ ጋ ሲደርስ ዐወድ ለአንድ ገበሬ ገመድ በክንዱ እየለካ ነበር። ጁምዓ በሩ ላይ ቆሞ ገበሬው እስኪሄድ ጠበቀ።